ዘቢናስ ያስጨበጨባት ቃል

ባሌ ዘቢናስ ሰው ሲናገር ቃሉን አይሰማም፤ ትንፋሹን ነው የሚሰማው። ይህን ስናገር የሰፈሩ ሴቶች ይስቁብኛል። «ዶምኒና ባሏን ለማዳን የማታመጣው ነገር የለም» ይሉኛል። ይሳቁ! አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

በከተማችን በአፓሚያ የቴአትር አጨብጫቢ ነበር። እንደሱ ካሉት ጋር መሃል እርከን ላይ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ ክንዱን ሲያነሳ ወይም ሹሙ ገብቶ ቦታውን ሲይዝ የመጀመሪያዋን ጭብጨባ የሚያሰማው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ ይከተለዋል። ሥራውን ሲያስረዳኝ እንዲህ ይለኝ ነበር፦ «ሰው ብቻውን መጀመር ያፍራል። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ብቻውን ማቆም ያፍራል። የእኛ ሥራ ያቺን የመጀመሪያዋን ሐፍረት ለሰው መሸከም ነው።» ጭብጨባቸው ስም ነበረው። መዳፍ ሰብስበው የሚያጉረመርሙባትን «ንብ» ይሏታል፤ ለሐዘንና ለልመና ናት። መዳፍ ዘርግተው ጯ የሚያደርጓትን «ሸክላ» ይሏታል፤ ለቁጣና ለድል ናት። በሸክላ ዘቢናስን የሚያክለው አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ይሰማል።

«ቃሉ እስኪያልቅ ከጠበቅሽ አርፍደሻል» ይላል። «ተናጋሪው ወደ ላይ ወጥቶ ሊወርድ ሲል ትንፋሹን ይስባታል። እዚያች ላይ መምታት ነው።»

ላገባው ስል እናቴ አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። በመጨረሻ አፏን ስትከፍት «እጁን ከማማታት በቀር ምን ያውቃል? ዝንብ እየገደለ ነው የሚቀልብሽ?» አለችኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አገባሁት። ግን አንድ ነገር አስማልኩት፤ ቴአትሩን ትቶ ክርስትና እንዲነሳ። ዲያቆን ኤውሎግዮስ የሚባል ደግ ሰው እጁን ይዞ አስተማረው፣ አስጠመቀው፣ የቤተ ክርስቲያናችን በረኛ አደረገው። ከዳቦ ጋጋሪዎቹ መንገድ ጀርባ ባለው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥም አንድ ክፍል ሰጠን። እንግዲህ ዘቢናስ ቴአትሩን ተወ፤ እጁ ግን አልተወም። በእኛ ዘንድ ካህን ጥሩ ሲሰብክ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ካህናቱ «ይህ ቴአትር አይደለም!» ብለው ይቆጣሉ፤ ያልተጨበጨበላቸው ቀን ግን ምሳ አይበሉም። ኤውሎግዮስ ይህን ያውቃል። ዘቢናስን በቀኝ በኩል ካለው ዓምድ ሥር አቆመው። ከዚያ ወዲህ በከተማችን ስብከቱ ሁሉ አማረ።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእኔ ሆድ ነው።

ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። ሁለቱም በራሳቸው ፈንታ በእግራቸው መጡ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ቀሩ። የቤተ ክርስቲያናችን አዋላጅ መልካም ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፤ በእግሩ የመጣ ልጅ ስታይ ግን ከማልቀስ በቀር የምታውቀው አልነበረም። የሁለተኛውን ቀብር ጨርሰን ስንመለስ በግቢው ማዶ የምትኖረው ሰሎምጽዮን በሩ ላይ ጠበቀችኝ። እሷ አይሁድ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አጭር፣ ምላሷ እንደ መላጫ። እኛ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ እዚያ ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። በከተማው ክርስቲያኑም አይሁዱም ጣዖት አምላኪውም ምጥ ሲከፋበት የሚጠራት እሷን ነው፤ ሆድ ውስጥ የዞረ ልጅ የምትመልስ እሷ ብቻ ነበረችና። እኔ ሞኟ «የራሳችን አዋላጅ አለች» ብዬ ነበር።

«ሦስተኛውን ለእኔ ሳታሳይ እንዳትወልጂ» አለችኝ። «ብትወልጂ በእጄ ነው የምገድልሽ።»

ሦስተኛውን ሳረግዝ ሆዴን ይዤ ሄድኩላት። በየጊዜው ታጋድመኝና በዘይት እጇን አሙቃ ሆዴን ትዳስሳለች። ከሆዴ ልጅ ጋር እኔ የሌለሁ ይመስል ታወራለች። «አንተ ቀበጥ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ዞረህ ተቀመጥክ?» ትለዋለች። ዘቢናስ በሩ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«እማ ሰሎምጽዮን፣ እንዴት ነው?» ይላል።

«በእግሩ ተቀምጧል፤ አባቱን መስሎ ቴአትር ሊያይ የመጣ ነው። ሲደርስ ጥሩኝ፤ እኔ ካለሁ ይወጣል።»

«ካልኖርሽስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? ሞት ካልወሰደኝ ከዚህ ግቢ የሚያወጣኝ ማነው?»

ያን ዓመት አዲስ ሰባኪ መጣ። በአንጾኪያ የንግግር ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከጾም ብዛት አጥንቱ ብቻ የቀረ ቄስ ነበር። ስለ እውነት ልናገር፤ ስለ ድሆች ሲሰብክ አልቅሻለሁ። ሀብታሞቹን በፊታቸው «በር ላይ የተኛውን ረግጣችሁ ነው የገባችሁ» ሲላቸው ሰምቼ «እሰይ!» ብያለሁ። ነገር ግን መጸው ገብቶ የአይሁድ በዓላት ሲቀርቡ ሌላ ሰው ሆነ። በከተማችን በመለከታቸው ቀን ግማሹ ክርስቲያን መለከት ሊሰማ ይሄዳል፤ በዳሳቸውም ገብቶ ቴምር ይበላል፤ አንዳንዱም ጾማቸውን አብሮ ይጾማል። አያቶቻችንም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ይህ አዲሱን ቄስ እንቅልፍ ነሳው።

የመጀመሪያው እሑድ ከሴቶቹ ጎን ቆሜ ሰማሁት። ምኩራባቸው ከቴአትር አይለይም አለ። መለከታቸው የተኩላ ጩኸት ነው አለ። ድምፁ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ሄደ፤ የሚያስፈራም የሚያምርም ነበር። ከዚያ ስለ ሐኪሞቻቸውና ስለ አዋላጆቻቸው አነሳና «ሥጋህን ይጠግኑልህና…» ብሎ ትንፋሹን ሲስብ፣ ከዓምዱ ሥር የዘቢናስ ሸክላ ጯ አለች። «…ነፍስህን ይሰብሩታል!» ሲል ቤተ ክርስቲያኑ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እጄ ሆዴ ላይ እንደነበር ክው ብዬ ቀረሁ።

ወደ ቤት ስንገባ ሰሎምጽዮን ከጉድጓዱ ውሃ ትቀዳ ነበር።

«ዘቢናስ፣ ዛሬስ ሸክላህን ከገበያው ድረስ ሰማኋት» አለችው እየሳቀች። «ምን ደስ የሚል ነገር ተነገራችሁ?»

«አቤት አነጋገር!» አለ ዘቢናስ። «እንዲህ ያለ ትንፋሽ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።»

«እስቲ ምን እንዳለ ንገራት» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። አያውቅም! በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ አያውቅም ነበር። ጎትቼ ወደ ቤት አስገባሁትና አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ተኩላውን፣ ቴአትሩን፣ አዋላጆቹን። ፊቱ አመድ መሰለ። እጆቹን ዘርግቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ ያያቸው ጀመር። «ለዚህ ነው ያጨበጨብኩት?» አለኝ። «ለዚህ ነው» አልኩት። እራቱን ሳይበላ ተኛ።

በሚቀጥለው እሑድ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ቆመ። ቄሱ ወጣ ወረደ፣ ትንፋሹን ሳበ፤ ዝም። ሕዝቡ ወደ ዓምዱ ያያል። የሚጀምርለት ጠፋ። ቄሱ ውሃ እንደጎደለው ወፍጮ መሃል ላይ ቆመ፤ ሳል ሳል አለ፤ ስብከቱ በዚያው ሞተ። ስንወጣ ኤውሎግዮስ ዘቢናስን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። እኔም ተከተልኩ፤ እኔን ማን ይከለክለኛል?

«ወንድም ዘቢናስ፣ ታመምክ እንዴ?»

«አይ፣ አባቴ። እጄን ከበደኝ።»

«ስማኝ፤ እወድሃለሁ። ከዚያ ከርኩሰት ቦታ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ሰው ግን አፍ አለው። በረኛው ለምን ዝም አለ ብለው ጠይቀውኛል። የሚስቱን ሆድ ማን እንደሚያሽላት ደግሞ እኔ ሳልነግራቸው ነግረውኛል።» ወደ እኔ ዞር አለ፤ አዝኖ ነበር፤ እሱን አልክደውም። «ከበሩ ብትነሳ ከክፍሉም ትነሳለህ። ነፍሰ ጡር ይዘህ የት ትወድቃለህ? ቴአትሩ አይቀበልህም፤ እኔም ያን ጊዜ ምንም ላደርግልህ አልችልም። ስለዚህ እጅህን አንሳ።»

እንግዲህ አስቡት። ቢያጨበጭብ ያቺን ሴት ያባርሩብናል፤ ባያጨበጭብ እኛን ያባርሩናል፤ ከተባረርንም እሷ የለችም። ወደፊት ቢሉ ገደል፣ ወደኋላ ቢሉ ገደል። ዘቢናስ ያን ሳምንት ከራሱ ጋር እያወራ ሰነበተ። ዓርብ ቀን ግን ፊቱ በርቶ ገባ።

«አገኘሁት» አለኝ። «ማጨብጨብ አለብኝ፣ አይደል? አጨበጭባለሁ። የት ላይ እንደማጨበጭብ የመረጠልኝ ግን የለም።»

እነዚህ የተማሩ ተናጋሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። ሊያፈርሱት ያሰቡትን ነገር መጀመሪያ በሌላ ሰው አፍ አሳምረው ይናገሩታል፤ «ምናልባት አንዱ እንዲህ ይለኝ ይሆናል» ብለው። ከዚያ ዞረው ይቀጠቅጡታል። ዘቢናስ ይህን ከቴአትሩ ጀምሮ ያውቀዋል። ያን እሑድ ጆሮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቃሉ ሰጠ። ቄሱም እንደተለመደው ጀመረ፦ «ምናልባት አንዱ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ ‹ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ጨው ተበዳድረናል፤ ልጆቻችንን በእጃቸው ተቀብለዋል…›» እዚህ ላይ የዘቢናስ ሸክላ ጯ! ሕዝቡም ምን ቸገረው፣ ተከተለ። እንዲያውም እውነት ለመናገር ከሌላው ቀን የበለጠ ተጨበጨበ። ከአጠገቤ የነበረችው አሮጊት «እውነቱን ነው! የእኔንም ልጅ የተቀበለችው እሷ ናት!» ብላ ጮኸች። ጭብጨባው ይቆማል ሲሉት ይነሳል። ዘቢናስ ከዓምዱ ሥር ፊቱ በላብ ታጥቦ፣ እየሳቀ፣ እንደ ድሮው ሲመታ አየሁት። ምነው እዚያው ላይ ዓለም ባለቀች ኖሮ።

ቄሱ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያችሁ?» አለ። «አያችሁ በሽታው የት ድረስ እንደገባ? እኔ በእግር ያለ መስሎኝ ነበር፤ ልብ ደርሷል።» አለቀሰም። ሐሰተኛ እንባ አልነበረም፤ የምር ፈርቶ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲያ በቃል ብቻ አይሆንም አለ። ወንድሙ ወደ እነርሱ ሲሄድ ያየ በልብሱ ይጎትተው፤ ሚስት ባሏን ትጠብቅ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቅ፤ የቤተ ክርስቲያን ግቢም ከእነርሱ ይጽዳ አለ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ከግቢያችን ያወጧት በማግስቱ ነው። ዕቃዋን ሲጭኑላት ዘቢናስ የመውለጃ በርጩማዋን ተሸክሞ ሊከተላት አለ።

«አስቀምጠው፤ እዚሁ ይቆይ፤ ለሚስትህ ነው» አለችው። ከዚያ አየት አድርጋው «የትናንቱ ያንተ ነበር፣ አይደል? በመሃል የመታኸው?»

«ላንቺ ብዬ ነው፣ እማ።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ከምታጨበጭብ ዝም ብትልልኝ ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ።» ጉንጩን መታ መታ አደረገችውና አህያዋን ተከትላ ወደ ምኩራቡ ሰፈር ሄደች።

ምጤ የመጣው በትልቁ ጾማቸው ቀን ጠዋት ነው። ሌላ ቀን አጥቶ! ያን ቀን ክርስቲያን ወደ ምኩራብ እንዳይሄድ ኤውሎግዮስ ከሁለቱ ሰፈሮች መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ በፈረስ እሽቅድምድሙ ሜዳ የሚውሉትን ጎረምሶች አቁሟል። መንገዷ ደግሞ በእኛ በር ነው የምታልፈው። እነሱም ሥራ ፈተው ሲቆሙ የሰባኪውን ቃል እየተቀባበሉ በሸክላ ያጨበጭባሉ። ማን እንዳስተማራቸው ታውቃላችሁ።

«ዘቢናስ» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ፤ «በእግሩ ነው። ይታወቀኛል። አምጣልኝ።»

ሮጦ ወጣ። የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ምኩራቡ በር ላይ ሄዶ በስሟ እየጮኸ ጠራት። ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው። «ጭብጨባ ያመጣብን ሰው ነው» ብለው ሊያባርሩት ሲነሱ እሷ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። አንድ ሽማግሌ በጾም ቀን ወዴት ነው ቢላት «ለነፍስ ነው፤ ጾሜን ይዤው እሄዳለሁ» አለችና በባዶ እግሯ መንገድ ጀመረች። በዚያ ቀን ጫማ አያደርጉም። ከመንገዷ ጥግ ሲደርሱ ጎረምሶቹ መተላለፊያውን ሞልተውታል።

«እንዴት ልታሳልፈኝ ነው?» አለችው።

«እነሱን አዞርልሻለሁ። አንዴ ከተጀመረ ማቆም ያፍራሉ። ግን…» አለ፤ «እማ፣ ስሰድብሽ ነው የምትሰሚኝ።»

«ስደበኝ እንግዲህ። ብቻ ቶሎ እንዳትጨርስ።»

እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው በርጩማው ላይ ተቀምጬ፣ ወገቤ ለሁለት ሲከፈል፣ ከውጭ የባሌን ድምፅ መስማቴን ነው። ጯ! ጯ! ጯ! «ተኩላው ይጮኻል!» ጎረምሶቹ ይቀበሉታል። «መቅረዛቸው ጨለመ!» ይቀበሉታል። እየመራቸው ነው! እኔ ልሞት፣ ልጄ ሊሞት፣ እሱ ከእነሱ ጋር! ጣቴን ግድግዳው ላይ ቀብሬ ረገምኩት። «አፈር ያስበላህ! እጅህ ይድረቅ!» ብዬ ጮህኩ። ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ሰሎምጽዮን በባዶ እግሯ፣ ሻሿን ጠምጥማ ገባች።

«ባልሽ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየሰደበኝ ነው» አለችኝ እጅጌዋን እየጠቀለለች። «ጊዜ አናባክን። እስቲ አሳዪኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ፤ ሁለቱንም ምጡ ወሰዳቸው። እጇን ዘይት ነክራ አስገባች፤ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ የወለደች ታውቀዋለች። «ቀስ በል፣ አንተ ቀበጥ፣ አትቸኩል» ትለዋለች። ውጭ ስድቡ ይቀልጣል፤ ውስጥ እሷ ከልጄ ጋር ታወራለች። ብዙ ቆየ። መሃል ላይ የውጭው ጩኸት ቀዝቀዝ ሲል ሰማን። ሰሎምጽዮን ቀና አለች፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ቢበተኑ፣ አንዱ ወደ በሩ ቢመጣ፣ አለቀ። ያን ጊዜ የዘቢናስ ድምፅ እንደገና ተነሳ፤ አዲስ ቃል፣ እስከዚያ ሰምተነው የማናውቀው፦

«በባዶ እግር የመጣ፣ በባዶ እጅ ይውጣ!»

ጯ፣ ጯ! መንገዱ ፈነዳ። ጎረምሶቹ እንደ አበደ ሰው ተቀበሉት። «በባዶ እግር የመጣ፣ በባዶ እጅ ይውጣ!» እየደጋገሙ፣ እየዘለሉ። ሰሎምጽዮን አንዴ ወደ እግሯ አየች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ልጄ ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች። ሰሎምጽዮን እግሯን ይዛ ዘቅዝቃ መታ አደረገቻት፣ አፏን ጠረገችላት፣ ተነፈሰችባት። ከዚያ ልጄ አለቀሰች! ሴት ናት፣ ሙሉ ናት፣ ታለቅሳለች! ውጭ ጭብጨባው ወዲያው ቆመ። ምን እንደሚሰማ እየጠበቀ ነበር ያ ሰው።

ማታ መንገዱ ሲለቀቅ ገባ። ድምፅ የሚባል አልቀረለትም። መዳፎቹ አብጠው ልጅቷን መያዝ አቃተው፤ ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። ሰሎምጽዮን ኮከብ እስኪወጣ ጠብቃ ጾሟን በእኛ ቤት፣ በእኔ ምስርና በእኔ ዳቦ ፈታች። ስትበላ ዘቢናስ ከእግሯ ሥር ቁጭ አለና በሹክሹክታ ይቅርታ ይጠይቃት ጀመር።

«ስደበኝ ብዬሃለሁ፤ ሰደብከኝ» አለችው። «የቄሱን ቃል ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያቺ የመጨረሻዋ ግን የሱ አይደለችም።»

«የሱን ጨረስኩ እማ። ሊበተኑ ሆነ። የሚይዛቸው ነገር አጣሁ። መንገድ ላይ እግርሽን እያየሁ ነበር የመጣሁት… ከዚያ ከአፌ ወጣች።»

ዳቦዋን አላመጠች። «ጥሩ ቃል ናት» አለች። «ቤት ትመታለች፤ በአፍ ትቀላለች። እሷ ናት የምታስፈራኝ።» ተነሥታ ልጄን ግንባሯ ላይ ሳመቻትና ወጣች።

ልጃችንን ሰሎሜ አልናት። ኤውሎግዮስ ከወንጌል ያወጣነው መስሎት ደስ አለው። እኛ ለማን ብለን እንዳወጣን እኛ እናውቃለን።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ያቺ ቃል በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ነበረች። በወሩ ጋጋሪዎቹ ሊጥ ሲመቱ ይሏታል። ቄሱ ራሱ ሰምቶ «ይህን ያለ ማነው?» ብሎ ዘቢናስን በሕዝብ ፊት አመሰገነው፤ ከክፍሉ የሚነቅለን ጠፋ፤ ክረምት ክረምት ዘይትና እንጨት ይጨመርልን ጀመር። ዘቢናስ ከዓምዱ ሥር እጁን ሰብስቦ መቆም ጀመረ፤ ማንም ልብ አላለው። ያለ እሱም መጀመር ተምረው ነበርና። አንድ ጊዜ ጋጋሪዎቹን «እባካችሁ ተዉአት» ብሎ ለመናቸው። «ምነው፣ ባለቤቱ ነህና እንክፈልህ እንዴ?» ብለው ሳቁበት። «ያቺን አዋላጅ ለማሳለፍ ነው ያወጣኋት» ይበል እንዴ? ቢል እኛም አለቅን፣ እሷም አለቀች። ስለዚህ ቃሉን እየሰማ ዝም ብሎ ኖረ። ታፍኖ ነው የኖረው ባሌ፤ አፉ ክፍት ሆኖ የታፈነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰሎሜ መሮጥ በጀመረችበት ዓመት ምኩራቡን ወሰዱባቸው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ እኛም። ከበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያቺን ቃል በሸክላ እየመቱ ያስወጧቸዋል። ብዙዎቹ ጥቅል ነገር ይዘው ነበር፤ ልብስ፣ መብራት፣ መጻሕፍት። በሩ ላይ ግን ከእጃቸው ተቀበሏቸው። ሹም ያዘዘው አልነበረም። ቃሉ እንዲያ ስለሚል ነው። በባዶ እጅ ይውጣ ይላልና! ሰሎምጽዮን የዘይት ማሰሮዋን ይዛ መጣች፤ አንዱ ጎረምሳ ነጠቃትና ድንጋይ ላይ ከሰከሰው። በእኛ በኩል ስታልፍ ሰሎሜ ትከሻዬ ላይ ነበረች። ሰሎምጽዮን ቆም አለች። እጇን ዘርግታ የልጄን እግር ያዘች።

«እግሯ አድጓል» አለች።

ዘቢናስን አየችው። ወደ ኤሜሳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን ያመጣልኝ የለም። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ በእግሩ የመጣ ልጅ ስታምጥ ሞተች፤ ከተማው ሙሉ አዋላጅ ከበርጩማው ዙሪያ ቆሞ አለቀሰላት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሱፍ እፈትላለሁ፤ ዘቢናስ ከበሩ ሥራ ተመልሶ ጥላው ሥር አረፍ ብሏል። ሰሎሜ ከጋጋሪው ሴት ልጆች ጋር ፊት ለፊት ቆመው እጅ ለእጅ እየተማቱ ይጫወታሉ። የልጆች ጨዋታ ነው፤ ሁሉም ግቢ አለ። «በባዶ እግር የመጣ፣ በባዶ እጅ ይውጣ!» ትላለች የእኔ ልጅ፤ በሸክላ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ሳትዘገይ ሳትቸኩል። የአባቷ እጅ ነው ያላት።

ዘቢናስ ተነሥቶ ሄደና በፊቷ ተንበረከከ። ሁለት እጆቿን በሁለት እጁ ያዘ። ዝም ብሎ ያዛቸው። እሷ ጨዋታ መሰላትና ተንከተከተች።

«አባዬ ልቀቀኝ እንጂ! ተራዬ ነው!»

ፈትሉን ጣልኩት። አትልቀቃት ልለው ፈለግሁ፤ ግን እስከ መቼ ይይዛታል? ልጆቹ ያዩታል፤ የጋጋሪው ሚስትም በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ለቀቃት። እሷም ካቆመችበት ቀጠለች።